የሸፈንኳቸው ጣቶች

ይህን ነገር ባለቤቴ ሳትሰማው ሞተች። ለመጋቢያችንም አልተናገርኩም። ለአንተ ለአንባቢው የምናገረው ፊትህን ስለማላየው ነው፤ ባየው ኖሮ ዛሬም አልደፍርም ነበር።

እኔ ተራ ሰው አይደለሁም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል የቆጠርኩ ነኝ። ሬዲዮ ፈትቼ እገጥማለሁ። የተሰበረ አጥንትም እገጥም ነበር፤ ከገሱባ ድረስ ሰው በቃሬዛ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ሶዶ እኛ ሰፈር «ጋሼ እያለ ሆስፒታል ምን ይሠራል?» ይባል ነበር። ይህን የምነግርህ ለመኩራራት አይደለም... እሺ፣ ለመኩራራት ነው። ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የጎረቤቴ የአየለች ልጅ አስቴር ከአቮካዶ ዛፍ ወድቃ ግራ ክንዷ ተሰበረ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ባጃጅ ልትጠራ ስትል «ባጃጁ ከእኔ በላይ አጥንት ያውቃል?» ብዬ የተሰበሰበውን ሰው አሳቅሁ። ሆስፒታሉ አሥር ደቂቃ አይርቅም። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ክንዷን ስቤ አቃናሁት፣ በቀርከሃ ስንጥር ደግፌ አሰርኩት። ሰው ያየኝ ስለነበር አጥብቄ አሰርኩት።

በማግስቱ ሄድኩ። ጣቶቿ አብጠው ጫፋቸው ጠቁሯል። ነካኋቸው፤ ቀዝቅዘዋል።

«ጋሼ፣ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣት መሰሉኝ» አለችኝ።

የመጀመሪያ እርዳታ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ነበር። የታሰረ እጅ ጣቱ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ወዲያው ይላላ፣ ሰውዬው ወደ ሐኪም ይሂድ ይላል። አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን አልፈታሁም? በር ላይ የቆሙት ሁለት ጎረቤቶች «ተሳስቶ ነው» እንዳይሉኝ? ለዚህ ብቻ? አዎ፣ ለዚህ ብቻ። መሐረቤን አውጥቼ ጣቶቿን ሸፈንኩ። «ብርድ እንዳይነካት ነው፤ እንዳትከፍቺው፣ አጥንቱ ይወልቃል» አልኳት አየለችን። የሸፈንኩት እናቷ እንዳታይ ነው።

በአራተኛው ቀን ሽታው ሲያስፈራት አየለች ራሷ አዝላ ሆስፒታል አደረሰቻት። ክንዷ ከክርን በታች ተቆረጠ።

ሰፈሩ ወደ እኔ ሲያይ «እናቷ ነካክታው ይሆናል» አልኩ። ሰው «ይሆናል»ን ትቶ የቀረውን ወሰደ። አየለችም አንድ ቀን ልጅቷ ስታለቅስ መሐረቡን ነካ አድርጋ ነበርና አመነች። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ቤቴ መጥታ ተንበረከከች።

«ጋሼ፣ ሥራዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

እኔ ምን አልኩ? ይቅር አልኳት። እኔ! እንዲያውም እጇን ይዤ አነሳኋት፤ ሽማግሌዎቹ ትሕትናዬን አደነቁ።

አስቴር ዛሬ ቦዲቲ አስተማሪ ናት። እኔ ደግሞ አጥንት መግጠም ትቼ ለቤተሰቦች የመጀመሪያ እርዳታ አስተምራለሁ፤ ከእኔ አጥርቶ የሚያስረዳ የለም፣ ማንንም ጠይቅ። ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ «ስብራት ስታስሩ የጣቱን ጫፍ ክፍት ተዉት፤ ቶሎ ቶሎ እዩት» ስል አየለች እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ታዲያ የእኔን ልጅ ጣት ለምን ሸፈኑት?»

ነገር ፈልጋ አልነበረም፤ ልትማር ነው የጠየቀችው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ያኔ ትምህርቱ አልተሻሻለም ነበር» አልኩ።

«እሺ ጋሼ» ብላ ተቀመጠች።

መጽሐፉ ያኔም ያው መጽሐፍ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። እነሳለሁ፣ እስከ አየለች በር እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ሸምግያለሁ ልበል? ብዙ ሰው አድኛለሁ ልበል? ያዳንኳቸው ሁሉ ተሰብስበው አንዲት ጣት አይመልሱም።

አንተ ይቅር አትበለኝ፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። እሷንም ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቃትም። ይቅር ያልኳት ሰው ፊት ነውና የፊታችን እሁድ ሰው ፊት ቆሜ እነግራታለሁ፦ አየለች፣ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፣ የሸፈንኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን የተንበረከክሽው ያለ ጥፋትሽ ነው።