ጉና ሥር የታረደው በግ

አጎቴ ቄስ አለሙ በስምንት ዓመቴ አንድ ነገር ስለጠየቅሁት ከትምህርት ቤት አስወጣኝ፤ ሬሳ እንደነካ ሰውም ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ አስቀመጠኝ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ዛሬም ደብረ ታቦር ባለችው ብየዳ ቤቴ የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ስነክርና ሽሽ ሲል፣ አባቴ ማረሻ ይቀጠቅጥባት የነበረችው ጉና ሥር ያለች ሰፈራችን ትመጣብኛለች። እኛ ቤተ እስራኤሎች ነን። ከሌላው ሰው ጋር ገበያ እንገናኝ ነበር እንጂ አንነካካም ነበር። ኅዳር ላይ ብርዱ ሲጠና እንኳ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንዝ ወርጄ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ታጥቤ፣ ከዚያ በኋላ ነበር ቤት የምገባው።

ያን ዓመት ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ነበርሁ። ክርስቲያኑ መምህራችን ማሾፍ ይወድ ነበርና አንድ ቀን አስነሥቶ «አንተ የቄሱ ዘመድ፣ ኦሪታችሁ እግዚአብሔር ከመረጠው ስፍራ በቀር መሥዋዕት አትሠዉ ትላለች። አጎትህ ለፋሲካ በጉን ጉና ሥር የሚያርደው ማን መርጦለት ነው? ኢየሩሳሌም እዚህ ናት እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። እኔ መልሱን ከአጎቴ ተቀብዬ፣ ተመልሼ አፉን ላስይዘው ቆርጬ ወጣሁ።

ሚያዝያ ላይ ፋሲካችን ደረሰ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ቆሞ፣ አጎቴ በጉን ይዞ ቢላዋውን ሲያነሣ፣ ያን ጊዜ ጠየቅሁት።

«አባ፣ ይህን ቦታ ማን መረጠው?»

«ማነው ይህን ያስተማረህ?»

«መምህሩ። ምን ልበለው?»

ፊቱ ጠቆረ። «ይህ ልጅ የእነሱን ቃል በአፉ ይዞ ገብቷል፤ ረክሷል። አውጡት!» አለ። ቃሉ ግን የኦሪት ነበር።

ሬሳ የቀበረ ሰው እስኪነጻ በሚቆይበት ጎጆ ውስጥ፣ ሰባቱን የቂጣ በዓል ቀናት የሰፈሩን ዝማሬ ከሩቅ እየሰማሁ ብቻዬን አሳለፍሁ። አባቴ ቂጣዬን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ እንዳልነካው ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር። አንድ ቀን ብቻ «ዝም ብትል ምን ነበረበት፣ አንተ ልጅ?» ብሎኝ ሄደ። መስከረም ሲጠባ የጎረቤት ልጆች ደብተር ይዘው ሲወርዱ፣ እኔ በአጎቴ ትእዛዝ ትምህርቱን ትቼ ወናፍ እነፋ ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ ዘመዶቻችን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ አጎቴ ዓይኑ ጠፍቶ ደብረ ታቦር ሴት ልጁ ቤት ገባ። እኔ በአርባ ሦስት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ በሕፃናት አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ማንበብ ተማርሁ። ለእውቀት አልነበረም፤ ለእሱ ነበር። ኦሪትን አነበብሁ። መምህሩ አልዋሸም።

ከዚያ አጎቴ ራሱ አስጠራኝ። «ማንበብ ችለሃል አሉ። ሰንበት ሰንበት ብታነብልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ የደግ ሰው ደስታ አልነበረም።

ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ በየሰንበቱ ያችን ስለ መሥዋዕት ቦታ የምትናገረውን ክፍል ብቻ አነብለት ነበር። ከዚያ «ቦታውን ማን መረጠው፣ አባ?» እለዋለሁ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞርብኝ መጽሐፉን ዘግቼ እወጣለሁ።

«ባሕር የተከፈለበትን እንኳ አንብብልኝ» ብሎ ለመነኝ።

«መጀመሪያ መልሱን።»

ልጁ በር ላይ ይዛኝ «አያ፣ ሽማግሌ አይደሉም? እዘንላቸው እንጂ!» አለችኝ።

«እኔስ ልጅ አልነበርሁም?» አልኋት።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ በአንዱ ሰንበት፣ ገና መጽሐፉን ሳልገልጥ፣ «አላውቅም» አለ። «ያኔም አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በጉ በእጄ ላይ ሆኖ፣ ምን ልበል? ከዚያ ወዲህ ያረድሁትን ሁሉ እየፈራሁ ነው ያረድሁት።»

«ልጅዎ ትስማው፤ ይድገሙት» አልሁት። ጠርቷት ደገመው።

ባሕር የተከፈለበትን አነበብሁለት። ያኔ እኔ ጎጆ ውስጥ ሰባት ቀን ተቀመጥሁ፤ እሱ ግን በሰው ፊት ቆሞ እየቀደሰ፣ ከዚያች ጥያቄ ጋር ብቻውን አርጅቷል። ይቅር አላልሁትም። ዛሬ ስንገናኝ ስለ ዝናብና ስለ እህል እናወራለን። ነገሩ ያለቀው ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው።