ከጀርባው የወጣው ፍንጣሪ

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሞጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቢቸና እወርዳለሁ። የዘወትር ሥራዬ ሞጣ ነው፤ ቢቸና የምሄደው ለቀድሞ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው ተብሎ በተቋቋመ አንድ ትንሽ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በትርፍ ሰዓት ለመሥራት ነው። መንገድ ሲዘጋ እቀራለሁ፣ ሲከፈት እሄዳለሁ። ሌላ ሐኪም እስኪገኝ ብዬ የጀመርኩት ሥራ ነበር። ሌላ ሐኪምም ተገኘ፤ እኔ ግን አልተውኩትም።

ተወልጄ ያደግሁት ጅማ ነው። ወታደር የማውቀው በቴሌቪዥን፣ በሰልፍ ላይ ብቻ ነበር። እዚያ ክፍል የሚመጡት ግን የደንብ ልብሳቸውን ካወለቁ ዘመናት ያለፋቸው፣ ገበሬ የሆኑ፣ ዘበኛ የሆኑ፣ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። በሠራሁባቸው ሌሎች ቦታዎች ድንገተኛ ክፍል ማለት ጫጫታ ነው። እዚህ እግሩ የተሰበረ ሰው ጋቢውን አስተካክሎ ተራውን ይጠብቃል። "ያምዎታል?" ብዬ ስጠይቅ አብዛኞቹ የሚመልሱልኝ "ይቻላል" ብለው ነው። የሕመማቸውን ልክ ከአፋቸው ማግኘት ስለማልችል ከላባቸውና ከትንፋሻቸው መረዳትን ተማርኩ።

ሰውየው የመጣው በሰኔ መግቢያ፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ነው። ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ረጅም፣ ከሲታ ገበሬ ነበር። ከከተማው ዙሪያ ካለ ገጠር ጭቃውን እየረገጠ በእግሩ መጥቷል። ነርሱ ሙቀቱን ለክቶ ወደ እኔ ሲዞር ፊቱ ተለዋውጧል። ሰውየው በትኩሳት ይነድዳል፣ የደም ግፊቱም ወርዷል፤ እሱ ግን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጀርባው ላይ እብጠት እንደወጣበት፣ ብርድ ብርድ እንደሚለውና እርፍ መጨበጥ ሲያቅተው እንደመጣ ነገረኝ።

ሸሚዙን አስወለቅሁት። ከግራ ትከሻው አጥንት ሥር ቡጢ የሚያህል፣ ቀልቶ የተወጠረ እብጠት አለ። በዙሪያው፣ እስከ ወገቡ ድረስ፣ ትንንሽ የቆዩ ጠባሳዎች ተበትነዋል።

"ይኼ ምንድነው አባቴ?" አልኩት።

"የድሮ ነው" አለኝ። "የጦር ሜዳ ነው።"

ግሉኮስ ተከልንለት፣ መድኃኒት ጀመርንለት፣ ግፊቱ ትንሽ ሲመለስ ራጅ አስነሳሁት። ምስሉ ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ እኔና ነርሱ ተያየን። ደረቱ ውስጥ ብረት ሞልቷል። የጎድን አጥንቶቹ መካከል፣ ሳንባው ጠርዝ ላይ፣ አንዱማ ከልቡ ጥግ፣ ነጭ ነጭ ሆነው ይታያሉ። በትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ምስል ቢያሳዩኝ የሬሳ ነው እል ነበር። ይህ ሰው ግን በዚህ ደረት ሠላሳ ምናምን ክረምት አርሷል፤ ልጆች አሳድጓል፤ ዛሬ ጠዋት ያን ሁሉ መንገድ ሲመጣም በዚሁ ደረት እየተነፈሰ ነው። እብጠቱ ውስጥ ያለው ፍንጣሪ ከቆዳው ሥር ደርሷል። ከዓመታት በኋላ ራሱ ወደ ውጭ እየመጣ ነበር።

ምስሉን ማየት ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ስክሪኑን አዞርኩለት። ያኔ በጦርነቱ ቆስሎ ታክሞ ከወጣ ጀምሮ አንድም ቀን ውስጡን አይቶ አያውቅም። ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ እንደ ፎቶግራፍ ነበር የሚያየው። ቀስ እያለ ታሪኩን ነገረኝ።

በደርግ መጨረሻ ሰሜን ግንባር ነበር። ማሠልጠኛ ውስጥ የተዋወቀው አንድ የሞጣ ልጅ ነበር፤ ሁለቱም የጎጃም ልጆች በመሆናቸው ቶሎ ተግባቡ፣ አንድ ምሽግም ደረሳቸው። አንድ ቀን የመድፍ ድብደባው ሲበረታ የሞጣው ልጅ ገፍትሮ ጣለውና ከላዩ ተኛበት። ቀጥሎ የመጣው የመድፍ ጥይት እነሱ ላይ አረፈ።

"ላዬ ላይ ነበር" አለኝ። "ወደ እኔ የመጣው ሁሉ በእሱ አልፎ ነው የመጣው።"

ጓደኛው እዚያው ቀረ፤ አስከሬኑን ማንሳት አልተቻለም። እሱን አነሱት። ሐኪሞቹ ከላይ ከላይ ያለውን አውጥተው ጥልቅ የገባው ባይነካ ይሻላል አሉት። ሠራዊቱ ሲበተን ከባሕር ዳር ወደ ቢቸና ይመለስ ነበርና ሞጣ መንገዱ ላይ ነበረች። ቤቱ ሳይደርስ መርዶውን ለጓደኛው እናት ይዞ ገባ። ባሏ ሞቷል፣ ሌላ ወንድ ልጅ የላትም፣ ወቅቱም የእርሻ ነው። እዚያው ሰንብቶ ማሳዋን አረሰላት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የራሱን እርሻ ጀመር ያደርግና ሞጣ ሄዶ የእሷን ያርሳል።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ልዩ ነገር እንዳልሠራ ሰው ነው። እኔ ጓንቴን እያጠለቅሁ ነበር፤ አንዱን እጄን አጥልቄ ሌላውን ረስቼ እንደቆምኩ ነርሱ ጠራኝ።

በማደንዘዣ አደንዝዤ እብጠቱን ከፈትኩት። መግሉ ወጥቶ ሲያበቃ መቆንጠጫው ጠንካራ ነገር ነካ። ሳብ ሳደርገው እምቢ አለ፣ ቀጥሎ ለቀቀና ሳህኑ ላይ ቅጭል ብሎ ወደቀ። የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ጠርዙ የተበላ ብረት ነው። ሰውየው ድምፁን ሰምቶ አንገቱን አዞረ።

"አጥበው ይስጡኝ" አለ።

ብዙ ጊዜ የወጣ ነገር አንሰጥም። ያን ቀን አጥቤ፣ ጋዝ በሚባለው የቁስል ጨርቅ ጠቅልዬ እጁ ላይ አኖርኩለት።

ተኝቶ ታከመ። በሳምንቱ ስመለስ ትኩሳቱ ለቆት፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የጓደኛው እናት ዘንድሮ ለምን እንደዘገየ ሳትሰጋ አልቀረችም አለኝ፤ እሁድ ወደ ሞጣ ስመለስ አብሮኝ መሄድ ይፈልጋል። ብረቱን ሊወስድላት ነው። ከልጇ ገላ ጋር የተነካካ፣ በእጁ ያለ ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ ፍትሐት ተደርጎለት በቤተ ክርስቲያን አጸድ ቢቀበር ብሎ አስቧል፤ ቄስም አማክሯል። ቁስሉ በየቀኑ መታጠብ ስላለበት ሞጣ ላይ እኔው እንደማጥብለት ተስማማንና ሄድን። ሚኒባሱ በደብረ ወርቅ በኩል ሲያልፍ እጁ ኪሱ ላይ እንደነበረ ትዝ ይለኛል።

እናትየዋ የምትኖረው ከሞጣ ዳር፣ ከሴት ልጇ ጋር ነው። ገና ስታየው ተቆጣች። ዝናቡ ገብቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አርሶ፣ የእሷ ማሳ ብቻ ጦሙን ማደሩን ነገረችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ስትጨርስ ታሞ እንደነበር ነገራትና ጋዙን ፈቶ ብረቱን መዳፏ ላይ አደረገላት። ምን እንደሆነ ባጭሩ አስረዳት።

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እናትየዋ ብረቱን በጣቷ አገላበጠችው። ክብደቱን የምትመዝን ይመስል እጇን ከፍ ዝቅ አደረገች።

"ይቺ ናት?" አለች። "ይቺን የምታህል?"

ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ነሽ ያወጣሽው?"

"አዎ እናቴ።"

"ሌላም ውስጡ አለ?"

ብዙ እንዳለ፣ ጥልቅ ስለሆነ ግን እንደማይነካ ነገርኳት። ይጎዱት እንደሆነ ጠየቀች፤ እስካሁን እንዳልጎዱት፣ ወደፊትም እየተከታተልን እንደምናይ መለስኩላት። እሱ በዚህ መካከል የቀብሩን ሐሳብ አነሳ፤ ቄሱ እሺ እንዳሉም ነገራት። እሷ ግን ሳይጨርስ እጁን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው፣ እንዲዞር አደረገችው፣ ሸሚዙንም ገለጠችው። ቁስሉ ተሸፍኗል። መዳፏን ከፋሻው ጎን፣ ጠባሳዎቹ ላይ ዘርግታ አሳረፈች። እንደዚያ ሆና ብዙ ቆየች። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

"ይኼ ብረት ገዳዩ ነው" አለች። "ገዳዩን ምን ብዬ አጸድ አስገባዋለሁ? ልጄ እዚህ ነው ያለው።"

ሴት ልጇን ጠርታ ብረቱን ሽንት ቤት ጉድጓድ እንድትጨምረው አዘዘቻት። ልጅቷ እያመነታች ወሰደችው። ሰውየው ጀርባውን እንደሰጠ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያን ሁሉ ዓመት የተሸከመውን ነገር አንዲት አሮጊት በሁለት ቃል አቅልላለት እንደሆነ፣ ወይም ይበልጥ አክብዳበት እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ብዙ ሰው ሲሞትም ሲድንም አይቻለሁ፤ ያን ዕለት ግን ከቤቱ በር ላይ ቆሜ መተንፈስ እንኳ ድፍረት መሰለኝ።

እናትየዋ ሸሚዙን መለሰችለትና በሬዎቹን ዘንድሮ እንዳይነካ አዘዘችው። እኔን ምስክር አደረገችኝ። የዚያን ዓመት ጎረቤቶች አረሱላት፤ እሱ ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትልሙ ጠመመ እያለ ሲያስቸግራቸው እንደሰነበተ ቁስሉን ላጥብ ስሄድ ልጅቷ ነገረችኝ። ቁስሉ ሐምሌ ሳያልቅ ደረቀ።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ቢቸና እወርዳለሁ። ጠባሳ ሳይ ግን ጥያቄዬ ተለውጧል። ምን እንደመታቸው መጠየቅ ትቼ ማን አብሯቸው እንደነበር እጠይቃለሁ። መልሱ ረጅም ነው። ነርሱ ወረፋው እየበዛ ነው ብሎ ያጉረመርማል፤ እውነቱን ነው።