በስልክ እንጨት ላይ የታሰረ ድር

ጣልያን አንድን ሰው በጥጥ ክር ወነጀለው ብል የሚያምነኝ የለም። እኔ ግን ቆሜ አይቻለሁ።

ያኔ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበርኩ። ሹማምንቱ ጉለሌ ሜዳ ላይ የሚያደርጉት ንግግር በስልክ ሽቦ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄዶ ከዚያ ይሰራጫል። አንድ ሰሞን መስመሩ እንደ ንብ ቀፎ ጥዝ ማለት ጀመረ። ትልቁ ሹም ሊናገር ሦስት ቀን ሲቀረው ጣልያኑ ካቦዬና እኔ ችግሩን ፍለጋ ሽቦውን ተከትለን እስከ ሽሮ ሜዳ ወጣን።

እዚያ ጎረቤቴ ሸማኔው ድሩን ዘርግቷል። ድር የሚዘረጋው በካስማ ነው። እሱ ግን ካስማ መትከል ታክቶት አንዱን ጫፍ የስልክ እንጨት ላይ፣ ከወገብ ዝቅ አድርጎ አስሮታል። ካቦው ይህን ሲያይ መስመር ሆን ብሎ አበላሸ አለ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰው ያሰቅል ነበር።

የደረቀ ጥጥ ሽቦ እንደማይነካ፣ ሽቦውም ከራሳችን በላይ ሁለት የሰው ቁመት እንደሚርቅ ነገርኩት። አልሰማኝም። ሸማኔውን ወታደሮች ሲወስዱት ዞሮ አየኝና፣

«ድሩን አንሳልኝ፣ ዝናብ እንዳይመታብኝ» አለኝ። የሚመለስ መስሎታል።

እንቅልፍ ነሳኝ። የጥዝታው ምክንያት ማታውን ገብቶኝ ነበርና። ለወታደር ጋራዥ የሚሄደውን የመብራት ሽቦ፣ እንጨት ለመቆጠብ ብለው፣ ራሳቸው ጣልያኖቹ ናቸው ከስልኩ ሽቦ ጎን የሰቀሉት። በማግስቱ እንጨቱ ላይ ወጥቼ የመፈተሻ ስልኬን አገናኘሁና ማዳመጫውን ታች ለቆመው ካቦ አወረድኩለት። በዚያ መብራት የሚሠራው የጋራዡ ሞተር ለአንድ ደቂቃ እንዲጠፋ ለመንኩ። ሲጠፋ መስመሩ ጠራ፤ ሲነሳ ጥዝታው ተመለሰ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ካቦው ፊቱ ቀላ። በዚያው ቀን ለመብራቱ ሽቦ የራሱ እንጨት ተተከለለት፤ እኔንም ጎበዝ አለኝ። ጎበዝነቱን ይብላው! ሸማኔው መቼ እንደሚፈታ ጠየቅሁት።

«ሪፖርቱ ትናንት ሄዷል» አለኝ። «አሁን ጥፋቱ የእኔ ነበር ብዬ ልጻፍ?»

ሸማኔው አልተመለሰም፤ የት እንደጣሉትም የነገረን የለም። የሹሙ ንግግር ግን አንድ ቃል ሳይጎድል አገር ሰማው። ያጠራሁላቸው እኔ ነኝ።