ባለ ሻርፑ የላቦራቶሪ ሰው

በዚህ ሙቀት አንገቱን በሻርፕ የሚጠቀልል ሰው ሐሜት አያጣውም። የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሠራተኞች "ጋሼን ፍቅር ይዞታል" ይላሉ፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሕመምተኛ የተወሰደ ሥጋ እንደ ወረቀት አሳስቶ እየቆረጠ፣ ቀለም ውስጥ እየነከረ ለሐኪሙ ማይክሮስኮፕ ያቀርባል። ካንሰርን ሐኪሙ ሳያይ እሱ ከቀለሙ አያያዝ ይለየዋል። ብቻውን ሲሆን ግን ጣቱን በሻርፑ ሥር ይሰድና እብጠቷን ይዳስሳል። ባለፈው ወር ሽምብራ ታክል ነበር፤ አሁን ባቄላ አክላለች።

ዛሬ እብጠቷን ሲዳስስ አንዲት ነርስ ደረሰችበት።

"ጋሼ፣ በሞቴ ከእሷ ናሙና ይወሰድና ይመርመር! ላቦራቶሪ የሚገባው በቁጥር እንጂ በስም አይደለም፤ ያንተ መሆኑን ማን ያውቃል?"

ሳቁ ከፊቱ ረገፈ።

"እዚህ ቤት ከእኔ በቀር ማን ቀለም ውስጥ ይነክረዋል፣ አንቺ ልጅ? መርዶዬን ለራሴ እኔው ላርዳ?"