የአማቴ ምላጭ

ሌላው ሰው ሚስት ሲያገባ ጥሎሽ ይጥላል፤ እኔ ጢም ላጭ ተባልኩ። ዘመኑ ደርግ ነው። ላፍቶ ገና ጤፍ ይዘራበታል፤ የቀበሌው ሱቅ ሳሙና ሲመጣለት ምላጭ ያልቅበታል፣ ምላጭ ሲመጣለት ሳሙና። ላገባት የፈለግኳት ልጅ አባት ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። የጥንቱን ታጣፊ ምላጫቸውን መዳፌ ላይ አኖሩና፣ «ይህን ስለህ ሳታስለቅሰኝ ከላጨኸኝ ሽማግሌ ላክ» አሉኝ።

ምላጩ ቅቤ እንኳ ይፈራ ነበር። ከላፍቶ ወንዝ ልሙጥ ጥቁር ድንጋይ ተሸክሜ መጣሁ። ገበሬዎቹ ዘመን ሙሉ ማጭድ ስለውበት መሃሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። ምላጭ ደግሞ ጀርባውና ስለቱ እኩል ካልተኛ አይሳልም። ሌላ ድንጋይ አምጥቼ፣ አሸዋና ውሃ ጨምሬ፣ ጉድጓዱ እስኪጠፋ ሁለቱን ሳፋትግ ሦስት ሳምንት! በዚያ ጉልበት እንጦጦን ሜዳ አደርገው ነበር። ከዚያ ምላጩን አስተኝቼ፣ ሳልጫን፣ ወዲያ ወዲህ፤ በመጨረሻ ቀበቶዬ ላይ። ወደ ክንዴ ሳስጠጋው ፀጉሩ ሳይነካ በድንጋጤ ረገፈ።

እሁድ ይዤ አባትየው ቤት ሄድኩ። እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ነው፤ ሰዉ ተበትኖ ሲመጣ ደጃቸው ላይ ምላጭ ይዤ ቆሜያለሁ። በእኛ ሰፈር ስለት አይቶ ክንዱ ላይ ሳይሞክር የሚያልፍ ወንድ አልተፈጠረም።

«ስል ነው?» አለ አንዱ ጎረቤት።

«አዎ፣ ስል ነው።»

«እስቲ!» እጅጌው ተሰብስቧል።

እሱ ለወንድሙ አቀበለ፣ ወንድሙ ለጓደኛው።

«ኧረ ጋሼ፣ ይበቃል!»

«ምን ይነጫነጫል ይሄ! ምላጭ ሲላጭ ያልቃል እንዴ?»

አንዱማ ጥፍሩን ቆረጠበት። አባትየው ጋ ሲደርስ ጢማቸውን አልቆረጠም፣ ጎተተው። እንባቸው ዱብ አለ።

«ገና ነው፤ ሳለው።»

ሄጄ ሳልኩ። በሚቀጥለው እሁድም ያው፣ በሚከተለውም ያው። በአራተኛው እሁድ ከቀበሌያችን ወንድ ግማሹ ክንዱ እንደ ሕፃን ጉንጭ ሆኗል፤ እኔ ግን ወንደላጤ ነኝ። ስመለስ ልጅቷ በር ላይ ያዘችኝ።

«አንተ፣ ድንጋዩን ለምን አታመጣውም? እነሱ ሞክረው ሲጨርሱ እዚሁ ሳለዋ!»

ወር ሙሉ ይህ እንዴት አልታየኝም? በንዴት ፀጉሬን እንዳልነጭ ምላጭ ይዣለሁ።

በአምስተኛው እሁድ ድንጋዩን በትከሻዬ ተሸክሜ መጣሁ። ክንድ ሁሉ እስኪዳረስ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። የሚሞክር ሲጠፋ ውሃ አስቀድቼ ተቀመጥኩና ሳልኩ። አባትየው ከግማሽ ጢም በኋላ አንኮራፉ። ሲነቁ አገጫቸውን ዳበሱ፤ ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ዳበሱት፣ እሱንስ ረዘም ላለ ጊዜ።

«ሽማግሌ ላክ» አሉ።

ልስማቸው ጉልበታቸው ላይ ስወድቅ፣ «ድንጋዩ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም» ብለው ወደ ጓዳ አስገቡት።