«ምስጢርዎ የተጠበቀ ነው»

ማክሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ነበርኩ... የስድስት ዓመት ልጄን ማን ያሳድግ በሚል ክርክር። ባለቤቴ፣ ማለቴ የቀድሞው፣ «ምስክር አለኝ» ብሎ ማንን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? የቤተሰብ አማካሪያችንን።

አዎ፣ ያንኑ። ከመፋታታችን በፊት አራት ቅዳሜ ሙሉ ፊቱ ተቀምጠን ጉዳችንን የዘረገፍንለትን ሰውዬ። ቢሮው እዚሁ ላሊበላ ከገበያው በላይ ነው። በሩ ላይ «ምስጢርዎ የተጠበቀ ነው» የሚል በትልቁ ተለጥፏል። እኔ ሞኟ እሱን አምኜ ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኩት።

ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። ባሌ ስም ያለው አስጎብኚ ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው እሱን «እርስዎ» ይለዋል። እኔን «አንቺ»። ሦስታችንም እኩዮች ነን... ግን ጥልፍ ሻጭን ማን እርስዎ ይላል ብዬ አለፍኩት።

ማክሰኞ ዕለት ሰውዬው ከረባቱን አስሮ፣ ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ ችሎቱ ፊት ቆመ።

«ልጇን ጥላ የመጥፋት ሐሳብ እንዳላት ራሷ ነግራኛለች» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው... ልጄን ትኩሳት ይዟት ሳምንት ሙሉ ዓይኔን ሳልከድን ከርሜ ነበር። አባቷ እንግዶች ይዞ ብልባላ ሄዶ ስልኩን ዘግቷል። እሱ እንደተመለሰ በነበረው ቅዳሜ አማካሪው ቢሮ «አንዳንዴ ሁሉንም ትቼ ጥፍት ማለት ያምረኛል» አልኩ። ይህን ያላለች እናት ካለች ትንገረኝ። እያለቀስኩ ያልኩትን፣ አማካሪው ራሱ መሀረብ እያቀበለኝ የሰማውን፣ ወስዶ ዕቅድ አደረገው። በጣም ናቅኩት።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረው «ጥያቄ ካለዎት ይጠይቁ» አሉኝ።

ጠበቃ የለኝም። ራሴው ተነሳሁ። በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ባሌ «ልጅቷን ሙጃ ከተማ ያለችው እናቴ ጋ ልላካት፣ ያኔ እሷ ራሷ ተንበርክካ ትመለሳለች» ሲል ሰውዬው ቁጭ ብሎ ይጽፍ ነበር።

«በዚያን ቀን እሱስ ስለ ልጅቷ ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩት።

ደብተሩን ቀስ ብሎ ከደነ።

«ይቅርታ... የእሳቸውን መናገር አልችልም። የሙያ ምስጢር ነው።»

ጸሐፊዋ እንኳ መተየቧን ትታ ቀና አለች።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁና ወደ እኔ እያመለከቱ «የእሳቸውንስ እንድትናገር ማን ፈቀደልህ?» አሉት።

«እ... ባለቤቷ ፈቅደውልኛል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሳል አስመሰለው። ዳኛዋ አልሳቁም። ምስክርነቱን አልቀበልም ብለው አስቀመጡት። ልጄ ከእኔ ጋር እንድትቆይ ሲያዝዙ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስወጣ ሰውዬው ግቢው በር ላይ ደረሰብኝ። ፊቱን የሐዘን ቤት አስመስሎ «እህቴ፣ በጣም ተጎድተሻል። ቅዳሜ ቢሮ ብቅ በይና እናውራበት» አለኝ።

ትቼው ሄድኩ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ሆን ብዬ በቢሮው በኩል አለፍኩና በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። ለካ ሰውዬው አልዋሸም... «ምስጢርዎ» ነው የሚለው፣ «ምስጢርሽ» አይልም።