ሞረድ የነካው መስቀል

ከመንገዱ ማዶ ካለው ብረት ሠሪ ቤት የሞረድ ድምፅ ስሰማ እጄ ወደ አንገቴ መስቀል ይሄዳል።

በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ታቦር ሳለን፣ አባቴ አሮጌ ጠመንጃውን ከጭድ ውስጥ አወጣ። በማግስቱ ጫካ ሊገባ ነው። የአፈሙዙ ማነጣጠሪያ ወልቆ ስለነበር ጥይቱ ይስት ነበር። ጎረቤታችን አንጥረኛው ሐጂ በር ዘግተው አዲስ ሊበይዱለት ተቀመጡ፤ የሚሆን ቁራጭ ብር ግን አጡ። እናቴ የብር መስቀሏን ከማተቧ ፈትታ ሰጠቻቸው።

ሐጂ አንድ ጊዜ ሞረዱትና ተዉት። "ይህንስ አልሠራውም" አሉ።

አባቴ ሳቀ። "እርስዎ እስላም ነዎት፤ መስቀሉ ምንዎ ነው?"

"የምትሳለመው አንተ ነህ። ሰው ላይ ያነጣጠርክበትን በምን አፍህ ትስመዋለህ?"

ሳቁ ቆመ። እናቴ የብር የጆሮ ኩክ ማውጫዋን አቀበለቻቸው፤ ሐጂም ከእሱ ቆርጠው በየዱ። አባቴ ሊሞክረው ጠመንጃውን ወደ በሩ ደገነ። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ሐጂ አፈሙዙን በመዳፋቸው ወደ መሬት ተጫኑት።

"ከልጅህ አትጀምር" አሉት።

ጎህ ሲቀድ አባቴ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ መሞቱንም መኖሩንም የነገረን የለም። መስቀሉን እናቴ ለእኔ አሰረችልኝ። ስሳለመው ሞረድ የነካው ጠርዝ ከንፈሬን ይቧጥጠኛል፤ መስቀሉ ስለ ተረፈልኝ ተመስገን እላለሁ። የአባቴን ተዝካር ግን እናቴ ሳታወጣ አረፈች፤ እኔም እስከ ዛሬ አላወጣሁም።